በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የወጣ እርማት

አራሚዋ እናቷ ያረፉ ዕለት አላለቀሰችም። በማግስቱም አላለቀሰችም። ቤቷን የሞሉት ሴቶች «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ ሰምታቸዋለች፤ አልተቀየመቻቸውም። ለመቀየምም እኮ አቅም ያስፈልጋል።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ ይጠብቃት የነበረውን የዝሆንና የጥንቸል ተረት አነሳችና ከምሳ በፊት አሥራ ሰባት ስህተት ለቀመችበት። የሥራ ባልደረቦቿ «ብርቱ ናት» አሉ። ምን ብርታት አለ! ሰው የተኛበት ክንድ እንደሚደነዝዘው እሷም እንዳለች ደንዝዛ ነበር፤ ቢቆነጥጧት አይሰማት፣ ቢያጎርሷት አይጣፍጣት። ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ ኖረች። ሰዎችም ደህና ሆናለች ብለው ተዉአት።

የምትሠራው የልጆች መጻሕፍት በሚያሳትም አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው፦ ሦስት ክፍል፣ አንድ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከሥር መጋዘን። የሌላውን ጽሑፍ ታርማለች፤ ጸሐፊ ሲጠፋ ደግሞ ራሷ ትጽፋለች። አለቃዋን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ልባቸው ደግ ነው፤ ችኮላቸው ግን ሌላ ነው። አንድ ጠዋት በሯ ላይ ቆመው፣ እጀታውን ሳይለቁ፣

«ስለ ኦቲዝምና ስለ ጓደኝነት አንድ የልጆች ታሪክ ጻፊልኝ፤ ትምህርት ቤቶች እየጠየቁን ነው» አሏት።

«እኔ ስለ ኦቲዝም ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

«ስለ ዝሆን የጻፈውስ ሰውዬ ዝሆን አሳድጎ ነው?» አሉና በሩን ዘጉት።

ያገኘችውን ሁሉ አነበበችና ጻፈች። አንድ ክፍል የሚማሩ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ ለፍላፊ፣ አንዷ ዝምተኛ። ዝምተኛዋ ደወል ሲደወል ጆሮዋን ትይዛለች፤ የጠርሙስ ክዳን በየቀለሙ ትደረድራለች፤ ሰው አታይም። ለፍላፊዋ ጓደኛ ልታደርጋት ያላደረገችው ነገር የለም። በመጨረሻ ዝምተኛዋ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ትስቃለች። አለቀ። ጽሑፉ ንጹሕ ነበር፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ቦታውን ይዟል፤ ሲያነቡት ግን ከመድኃኒት ጋር እንደሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ነበር።

ሥዕሉን እንዲሠራ የተጠራው ሰው ማክሰኞ ቀን መጣ። ለእንግዳ የተቀመጠውን ወንበር ከፊቷ አንሥቶ ጎኗ አደረገና ተቀመጠ።

«ታሪኩን አንብቤዋለሁ» አለ፤ ለመስኮቱ።

አራሚዋ ጠበቀች። መስኮቱም ጠበቀ።

«እሺ፣ እንዴት አገኙት?» አለች።

«ልጅቷ መጨረሻ ላይ ለምን ታያታለች?»

«ጓደኛዋ ስለሆነች ነዋ።»

«ካላየቻት ጓደኛዋ አትሆንም?»

መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ወደ ነገር ፍለጋ መሄዱ አይቀርም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ሰው ሲያናግሩ አያዩም እንዴ?»

«አላይም» አለ ሰዓሊው። አላፈረበትም፤ አልኮራበትምም። «ካየሁ መስማት ያቅተኛል። ወይ ዓይኔን ወይ ጆሮዬን ነው የምሰጥሽ። ደግሞ አንተ በይኝ፤ እርስዎ ስባል ሌላ ሰው የገባ ይመስለኛል።»

በሩን ዞር ብላ አየች። ማንም አልገባም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ወሰዳት። የሚኖረው ከእህቱና ከእህቱ ልጅ ጋር ነው። እህቱ ነርስ ናት፤ ተረኛ ስትሆን ልጅቷን የሚጠብቀው እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሚጣ ይሏታል። ሲደርሱ ሚጣ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከግድግዳው ሥር የእርሳስ ቁርጥራጮችን ከረጅም ወደ አጭር ትደረድር ነበር። ከኋላዋ የጎረቤት ልጅ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ታወራለች። ታወራለች ስል እንደዋዛ አይደለም፤ ስለ ድመታቸው፣ ስለ ወንድሟ ጥርስ፣ ስለ ሳይንስ መምህሯ ጫማ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ።

አራሚዋ ከሰዓሊው ጎን ተቀምጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተመለከተች። ወሬኛዋ ልጅ አሳዘነቻት፤ ለግድግዳ የምታወራ መሰለቻት። ከዚያ የጎረቤቷ ልጅ ደክሟት ይሁን ረስታው፣ «ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች» እንዳለች ወሬዋን አቆመች። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ከዚያስ?» አለች ሚጣ፣ ሳትዞር።

«ከዚያማ መውረድ አቃታት» ብላ ልጅቷ ቀጠለች።

ሰዓሊው ወለሉን እያየ ፈገግ አለ። «ሦስት ዓመት በየቀኑ ትመጣለች። ሚጣ አንድም ቀን አይታት አታውቅም። አንድ ቀን ከቀረች ግን ያን ቀን እራት የለም፣ እንቅልፍ የለም።»

«አንተም እንደሷ ነህ?» አለችው አራሚዋ ቀስ ብላ።

«እንጃ። በኛ ጊዜ ስም አልወጣለትም ነበር። እናቴ ዓይን አፋር ነው ትል ነበር፤ አስተማሪዬ ደግሞ ባለጌ ነው ይለኝ ነበር።»

አራሚዋ ያን ዕለት ቢሮ ተመልሳ ጽሑፏን ቀደደችው። አዲሱን በአንድ ሳምንት ጨረሰችው። በአዲሱ ታሪክ ዝምተኛዋ ማንንም አታይም፤ ለፍላፊዋ ወሬዋን ስታቋርጥ ግን «ከዚያስ?» ትላለች። ለፍላፊዋም የምትሰማት እንዳላት የምታውቀው በዚያች ቃል ነው።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ሠሩ። እሱ በእርሳስ የተነደፉትን ገጾች ግድግዳው ላይ በተርታ ይለጥፋል፤ እሷ ከሥራቸው ጽሑፉን ታያይዛለች። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃል አይተነፍሱም። አንዳንዴ ደግሞ ስለ አንድ የጫማ ማሰሪያ ቀለም እስኪደክማቸው ይከራከራሉ።

አንድ ማክሰኞ ምሳዋን ጨርሳ እንደበላች ድንገት ልብ አለች። ረቡዕ ደግሞ ምሳ ዕቃዋ እንደተከደነ ወደ ቤት ተመለሰ። የሚቀጥለው ማክሰኞም እንዲሁ። ነገሩን ለሳምንታት እንደ አራሚ መረመረችውና አንድ ውጤት ላይ ደረሰች። ወደደችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ነው፣ ድምፁ አለ፣ ቃሉ አይለይም።

እሱስ? አራሚዋ የሰው ዓይን ላይ ፍቅር ማንበብ ነው የምታውቀው፤ ሌላ ፊደል ማን አስተማራት? አንድ ጊዜ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች።

«ዛሬ የሆነ ነገር ለውጠሻል» አለ ገና በሩን ስትከፍት፣ ከሥዕሉ ቀና ሳይል።

«ምን ለወጥኩ?»

«ጫማ። አረማመድሽ ሌላ ነው።»

«ጫማውማ የዱሮው ነው። ተረከዙን አስጠግኜው ነው። የተሠራሁት ፀጉሬን ነው።»

«እሱን አላየሁትም» አለ በየዋህነት።

ሌላ ቀን ደግሞ ቀለሙን እየጠረገ፣ ምንም ሳይጠየቅ፣ «ማክሰኞ ከሌሎቹ ቀናት ይሻላል» አላት። በዚህ ሰውዬ አፍ ይህ ትልቅ ንግግር ነበር፤ ሌላው ሰው በአሥር ገጽ ደብዳቤ የሚለውን ነው ያላት። እሷ ግን ዓይኑን እየጠበቀች ስለነበር ጆሮዋ ላይ አልቀረም። «አዎ፣ ሰኞ ስብሰባ ይበዛል» ብላ መለሰችለት። ምን ይደረግ።

ሥዕሉ አለቀ። የመጨረሻው ገጽ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ሁለቱን ልጆች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳያል። ለፍላፊዋ አፏን ከፍታለች። ዝምተኛዋ ፊቷን ወደ ግራ መልሳ ከገጹ ውጭ ወደሆነ ቦታ ታያለች። ጋሼ ናሙናውን ቆመው አገላበጡት።

«ያምራል። ግን ይቺ ልጅ ጓደኛዋን አንዴ እንኳ አታያትም? ፍቅር በዓይን ይገባል ይባል የለ?»

«እንዲህ ናት ጋሼ።»

«እንዳሻሽ። ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይግባ ብቻ» አሉና ሄዱ።

እንዳሻሽ ነው ያሏት። ኋላ ላይ ነገሩ በእሳቸው እንዳይሳበብ ይህ ይታወቅልኝ።

አራሚዋ ገጹን ይዛ ብቻዋን ቀረች። ያቺን ወደ ውጭ የምታይ ልጅ ባየቻት ቁጥር፣ ጎኗ ያለችው ለፍላፊ ራሷ መስላ ታየቻት፦ ስምንት ወር ሙሉ ስትታለፍ የኖረች። ሰዓሊው ጋ ደወለች። ስልክ እንደማያነሳ ታውቃለች፤ መልእክት ከጻፉለት ግን ወዲያው ነው የሚመልሰው። አልጻፈችለትም። ተነሥታ ገጽ አቀናባሪው ዘንድ ሄደች።

«የዚህችን ልጅ ፊት ትንሽ መልስልኝ፣ ዓይኗንም ወደ ጓደኛዋ አዙርልኝ።»

«ይኼን ብቻ?» አለ ልጁ፣ ሻዩን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጦ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ።

አራሚዋ አየችው። ዝምተኛዋ ጓደኛዋን ዓይን ዓይኗን እያየች ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ዕለት ሰዓሊው አንድ ቅጂ አንሥቶ ከኋላ ገለጠው። ብዙ ቆየ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ጣቱ ብቻ ገጹ ጥግ ላይ ቆመ።

«ማነው ያዞራት?»

«ለአንባቢው ግልጽ እንዲሆን ተብሎ ነው» አለች።

«ማነው ያለው?»

እኔ ማለት ነበረባት። ሁለት ፊደል ናት።

ሰዓሊው መጽሐፉን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ከጠርዙ ጋር እኩል አድርጎ አስቀመጠው። «ትምህርት ቤት ዓይኔን እይኝ ይሏታል። ሐኪም ቤት እይኝ ይሏታል። አውቶቡስ ላይ እንኳ የማታውቃት ሴትዮ አገጯን ይዛ እይኝ እንጂ አለቻት። እንደዚያ የማይላት አንድ መጽሐፍ እየተሠራ ነው ብዬ ስምንት ወር ነግሬያታለሁ።» ኮቱን ለበሰ። «ዛሬ ምን እንደምላት አላውቅም።»

ሄደ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም። መልእክት ጻፈችለት፤ እንደልማዱ ወዲያው መለሰ፦ «ደህና ነኝ።» ሁለት ቃል ብቻ። ምንም አልተሰማትም። ሥራዋን ሠራች። የተከደነ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጥታ እንደተከደነ ይዛ ተመለሰች፤ አሁን ማክሰኞንም ጨምሮ። እናቷ ከሞቱ ጊዜ አንሥቶ የለመደችው ስለሆነ እንዲህም ይኖራል ብላ አሰበች። ሰው ይኖራል። ጉዱ እሱ ነው።

ሦስት ሺህ ቅጂ መጋዘን ተቆልሏል። ጋሼ በሚቀጥለው ሰኞ ለየትምህርት ቤቱ ይከፋፈላል አሉ። አንዴ ከበር ከወጣ መመለሻ እንደሌለው አራሚዋ ታውቃለች። ሰዓሊውም እንዲሁ መመለሻ የለውም። ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ቢሮ ገባችና አንድ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች።

መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ስህተት ሲገኝ ትንሽ የእርማት ወረቀት ተቆርጣ ከኋላ ትለጠፋለች፤ በገጽ ይህን ያህል እንዲህ የሚለው እንዲህ ተብሎ ይነበብ የምትል። የሙያው ደንብ ነው። የአራሚ ደንብ ደግሞ ስሙ የትም አለመውጣቱ ነው፤ ስህተቱ የማንም እንዳልሆነ ተደርጎ ነው የሚታረመው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«እርማት። በገጽ 31 ላይ ዝምተኛዋ ልጅ ጓደኛዋን ስታይ ትታያለች። ሰዓሊው እንዲህ አልሣላትም። ዓይኗን ያዞርኩት እኔ፣ የዚህ መጽሐፍ አራሚ ነኝ። መታየት ፈልጌ ነው። ልጅቷ ወደ ውጭ እንደምታይ ተደርጋ ትነበብ። ጓደኛዋ አልተከፋችም፤ እንደምትወደድ ታውቃለች።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «እርማት ለፊደል ነው እንጂ ለዓይን ማን አይቶ ያውቃል?»

«ስህተት ስህተት ነው ጋሼ።»

«ይሁን። ግን እኔ ነኝ ብላ የፈረመች አራሚን ነገ ማን ያምናታል? ሌላ ቤት ሥራ ብትፈልጊ ይቺ ወረቀት ትከተልሻለች።»

«ትከተለኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ደግመው አነበቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ይህ የተጻፈው ለትምህርት ቤት ነው ወይስ ለሰው?»

«ለሁለቱም ነው።»

«እንግዲያው ሰኞ ሳይደርስ ጨርሺው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አንቺ ያፈሰስሽውን አንቺው ልቀሚ።»

ለቀመችው። ሦስት ሺህ ወረቀት ቆረጠች፤ መጋዘን ወርዳ ካርቶን ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ለጠፈች። ገጽ አቀናባሪው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሙጫ ይቀባላታል፤ ለምን እንኳ አላላትም፣ ጨዋ ልጅ ነው። እሑድ ከሰዓት አለቀ። ጣቶቿ በሙጫ ደርቀው ነበር። የመጀመሪያዋን ቅጂ ለሚጣ ብላ ላከች። ከዚያ ምንም። አሥራ አንድ ቀን ስልኳ ዝም አለ። በቃ አለች ለራሷ፤ እርማት ገጽ ያስተካክላል እንጂ ሰው አይመልስም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰዓሊው ሳይነግራት መጣ። ሥዕል አልያዘም። በሩ ላይ ቆሞ ጀመረ።

«ሚጣ ወረቀቷን ላጠቻትና ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ዓይኑ ላይ ለጠፈቻት። አሁን መጽሐፉን አታስነካኝም።»

«ተቀየመችኝ?»

«ሚጣ መቀየም አትችልበትም። እኔ ነኝ የተቀየምኩት። አልፎልኛል።» ገባና ተቀመጠ። «አራት ጊዜ አነበብኩት። መታየት ፈልጌ ነው ይላል። ማን እንዲያይሽ ነው?»

«አንተ» አለች አራሚዋ።

ሰዓሊው ወንበሩን አዞረ። ፊቱን ቀና አደረገና ዓይኖቹን ዓይኖቿ ላይ አሳረፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው፤ ቡናማ ናቸው፣ የግራው ቅንድብ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ለዘመናት የጠበቀችው ነገር ይኸው መጣ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየች። ጥርሱን ነከሰ። ከንፈሩ በዝግታ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቆጥራል። አንጀቷን በላት።

«ተው» አለችው። «በቃ፣ ተው።»

ዓይኖቹ ወዲያው ወደ ወለሉ ወረዱ፤ ትንፋሹን ለቀቀ። «አሥራ አራት ድረስ ቆጠርኩ።»

«ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው» አለ እሱም። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አታቋርጪኝ፣ ከቤት ተዘጋጅቼበት ነው የመጣሁት። እወድሻለሁ። ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ከኔ ጋር ብትሆኚ ግን የማያይሽ ሰው ነው የምታገቢው። እንግዳ ቤት ስንሄድ አላይሽም። ስትታመሚ አላይሽም። ቤቱ ውስጥ ሚጣም አለች፤ እሷም አታይሽም። አንድ ቀን ይለወጣል ብለሽ እንዳትገቢ። አይለወጥም። ይህን አስቢበትና ንገሪኝ።»

አራሚዋ አሰበች። እሺ የሚለው ቃል አፏ ላይ ነበር፤ የምትቸኩልበት ግን አልነበረም። ቀኖቹን አሰበች፣ ዓመቶቹን። ጎኗ የሚቀመጠውን ሰው አሰበች፣ አረማመዷን ከበር ማዶ የሚለየውን። ከዚያ እጇን ስታይ እየተንቀጠቀጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጫነችው፤ አልቆመም።

«ፈራሁ» አለች በመገረም።

«እሺ ነው ወይስ እምቢ ነው?»

«እሺ ነው። ግን ፈራሁ።»

ሰዓሊው ነገሩን ከልቡ አሰበበት። «መፍራት ጥሩ ነው?»

እናቷ ከሞቱ ወዲህ አንድም ነገር አስፈርቷት አያውቅም። መብረቅ አላስፈራትም፣ ሕመም አላስፈራትም፣ ያቺን ወረቀት ስትፈርም እንኳ እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ጥሩ ነው» አለችው። «ሰው የሚፈራው የሚያጣው ነገር ሲኖረው ነው።»

«እንደዚያ ከሆነማ» አለ ሰዓሊው ለመስኮቱ፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን ሀብታም ነበርኩ ማለት ነው።»

አራሚዋ ሳቀች። ጋሼ ከመተላለፊያው ማዶ ሰምተው ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ድምፁን አላወቁትም።